የሥራ ሰዓት ያለው ፏፏቴ

ከአገር ቤት ዘመድ የመጣበት የቶሮንቶ ሐበሻ «ወዴት ልውሰደው?» ብሎ አይጨነቅም፤ ናያጋራ አለለት። ዘመድም ደርሶ «ወይ የአምላክ ሥራ!» ይላል። ነገሬ እዚህች ቃል ላይ ነው። የአምላክ ሥራ የሥራ ሰዓት የለውም፤ ናያጋራ ግን አለው። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ በሰከንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። ሲመሽ ግማሹ ይበቃል ተብሏል፤ የቀረው በዋሻ ተጠልፎ ተርባይን ሊያዞር ይሄዳል። «ሙሉ» የሚባለው ራሱ ከወንዙ ግማሽ ያህሉ ነው። ስለዚህ ሌሊት የሚወርደው ወደ ሩብ ይጠጋል፤ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚያሸበርቁትም ይህንኑ ሩብ ነው። ወጥ ሲያንስ በውሃ ይበዛል፤ ውሃ ሲያንስ በምን ይበዛል? በመሐንዲስ! በ1950ዎቹ የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን ትልቁን ፏፏቴ ዳርና ዳሩን ቆፍረውና ሞልተው፣ የተቀነሰው ውሃ ሳስቶም ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲዳረስ አድርገውታል። ያጠረ ነጠላ ጎትቶ ሁለቱንም ትከሻ ማልበስ በሉት።

«ለመብራት እኮ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ «መብራት መጣ!» ሲባል እልል እያልን ያደግን ሰዎች ተርባይን ብንሰድብ ነውር ነው። «ገደሉንም ከመሸርሸር አድኖታል» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ድሮ በዓመት አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሽ የነበረው ገደል ዛሬ አዝግሟል። «ውሉም የአደባባይ ነው፣ ማን ደበቀህ?» ለሚለኝ ግን መልስ አለኝ፦ የውል አንቀጽ አገላብጦ ፏፏቴ ሊያይ የሚሄድ ማን ነው? በኒውዮርክ በኩል ያለው ፓርክ፣ የአሜሪካ የክፍለ ግዛት ፓርኮች አንጋፋ፣ በ1885 የተቋቋመው ባለ መሬቶች ዳርቻውን አጥረው ገና ለማየቱ ገንዘብ ይቀበሉ ስለነበር ነው። አጥሩ ፈረሰ፤ መግቢያው ነጻ ሆነ (መኪና ማቆሚያውን አያካትትም)። ታዲያ ማየቱን ነጻ አውጥቶ የሚታየውን በጓዳ በር ማስወጣት ምን ይሉታል? ሥጋ ሻጭ እንኳ ሚዛኑን ፊታችን ያስቀምጣል! በሩ ላይ በትልቁ ይጻፍልን፦ «አሁን የሚወርደው ግማሹ ነው።»

እኛስ ብንሆን? ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ውሃው በቦይ ዞረ፤ ጢሱ በበጋ እንደ ዕጣን ጢስ ቀጠነ። ያኔም በር ላይ የጻፈልን አልነበረም። ፏፏቴው በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጠብታ ሳይጎድልበት የወረደው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር፤ ብሩ ራሱም መውረዱን አላቋረጠም። ኖቱ በሳንቲም ከተተካ ቆየ። መሳቢያችሁ ውስጥ አሮጌ አንድ ብር ከተረፈ ግን አትጣሉት፤ ውሃው ሙሉ ነው።