ሜዳውን ማን ወሰደው?

ጆሮዬ ደክሟል፤ «ፓርክ» የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ስቼው አላውቅም። ከነጋ እስኪመሽ የሚወራው እሱ ነዋ! የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲሉኝ ይገባኛል፤ ዋሊያና ጭላዳ የሚኖሩበት አገር ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሸሚዝ የሚሰፋበት ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ አሉኝ። የስፌት መኪና የተደረደረበት ቤት በምን ሒሳብ ፓርክ ይሆናል? ጎሮ በኩል የኮምፒውተሩ ፓርክ አለ። ይኸ ሳያንስ፣ መንገድ ዳር መኪናውን የሚገትረውም ሰውዬ «ፓርክ አድርጌ ልምጣ» ይላል።

በእኛ ጊዜ አየር መቀበያው ሜዳ ነበር። ጠዋት እናቶች ስጥ ያሰጡበታል፤ ከሰዓት ልጆች የጨርቅ ኳስ ይለጉበታል፤ ሰው የሞተ ዕለት የዕድሩ ድንኳን ይተከልበታል፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት ካሉም ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቅበታል። ትኬት ቆራጭ የለ፣ ፈታሽ የለ። ዛሬ ያ ሜዳ የት ሄደ ብትሉኝ፣ ላዩ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ የተረፈችውን ጥግ ቆርቆሮ አጥሯታል።

ባለፈው ልጆቼ «አባባ፣ ትንሽ ይናፈሱ» ብለው አንዱ ፓርክ ወሰዱኝ። አበባው ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ግን ገና በሩ ላይ አስከፈሉን። ሣሩ ላይ አረፍ ልል ስል ፊሽካ ተነፋብኝ። ከሣሩ ሸሽቼ ጥላ ሥር ስቆም፣ ፎቶ የሚያነሳ ጎረምሳ «አባቴ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ዞር ይበሉልን» አለኝ። ከማላውቀው ሰው ሰርግም ተባረርኩ!

ሜዳ ማለትስ ጃንሜዳ ነው። ለጥምቀት ታቦታቱን ያሳድራል፤ ለገና ሩር ያስመታል፤ ፈረስ ያስጋልባል፤ ሯጭ ያሠለጥናል። በ2012 በኮሮናው ጊዜ አትክልት ተራ ጠቦ ሰው ሲጨናነቅ፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ተሸክሞ የከረመውም እሱ ነው። በ2013 ሽንኩርቱ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲሄድለት እንደገና ታቦት ተቀበለ። እስቲ የትኛው ፓርክ ነው ይህን ሁሉ የሚችለው? የአንዳንዱ ሣር እኔን አንድ ሽማግሌውን መቻል አቅቶት የለ!

አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፍተዋል፤ ይከፈቱ፣ ይባረኩ። አገር ሲያምር የሚከፋው ሰው አይደለሁም። ግን የቀበሌ ልጅ ኳስ ለመምታት፣ የእኔ ቢጤም ፀሐይ ለመሞቅ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ከፍሎ፣ ተፈትሾ አይዘልቀውም። እናንት የከተማ ፕላን የምትነድፉ ልጆቼ፣ በየሰፈሩ አንድ ሜዳ ተዉልን። አበባ አትትከሉበት፣ ፏፏቴም አንፈልግም። አንድ ዋርካና አንድ አግዳሚ ይበቃናል። ፊሽካውን ግን አደራ፣ እዚያው ፓርካችሁ አስቀሩት።