አሉ

ልጄ፣ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ልትሆን ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እሰየው። ሁለት ሰው ሲደባደብ መሃል ገብቶ መገላገል ጥርስ ያስወልቃል፤ ገለል ብሎ መጻፍ ግን ደመወዝ አለው። «ገለልተኛ» የሚለው የክብር ስም ከየት እንደመጣ አሁን ገባህ። ወገንህን የሚጠይቅህ ሲመጣ «ወገን የለኝም» በል። በአያቶችህ ዘመን ይህ ቃል እንደ እርግማን ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ መታወቂያ ላይ ይጻፋል።

ሙያውን ከ1928ቱ ሰዎች ቅሰም። መስከረም 22 ቀን የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር የዓለም ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ላይ ተከማችቶ ነበር። ወደ ግንባር መውጫ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱ አይመጣም። የለንደኑ አዘጋጅ በበኩሉ በየማለዳው ትኩስ ጦርነት ይፈልጋል። ምን ይደረግ? ጦርነቱ ራሱ ሆቴል ድረስ መጣላቸዋ! ኢቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ለዴይሊ ሜል ይጽፍ ነበር። አደላ ብለው ያሙታል። ኧረ አላደላም፤ መጀመሪያውኑ ከጣሊያን በኩል ቆሞ ነበርና የሚያደላበት ቦታ አልቀረውም። በ1930 ዓ.ም. «ስኩፕ» የሚል ልቦለድ አወጣ፤ ያላዩትን ጦርነት በሚዘግቡ ጋዜጠኞች ላይ የሚሳለቅ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ከዘገባው ይልቅ ልቦለዱ ወደ እውነት ይቀርባል።

የሁሉም አለቃ ግን ጋሌያሶ ቻኖ ነው፤ የሙሶሊኒ አማች፣ የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር። ለጋዜጦች ምን ተጽፎ ምን እንደሚዘለል የሚነግረው ስስ ወረቀት የሚወጣው ከሱ መሥሪያ ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ይኸው ሚኒስትር «ላ ዲስፔራታ» የተባለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጓድ እየመራ ሰማያችን ላይ ወጣ። ከዚህ የቀረበ ምንጭ ከየት ይገኛል? ሌላው ዘጋቢ ቦምቡን ማን ጣለው እያለ ሲያጣራ ይውላል፤ እሱ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። እኛ «ዜናው አየር ላይ ዋለ» ስንል ትንሽ እናጋንናለን። ቻኖ ግን እውነትም አየር ላይ ውሏል።

ሚዛን ደግሞ እንዲህ ነው። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል ተመታ። የውጭ ጋዜጠኞች ያን ዕለት እዚያው ነበሩና በዓይናቸው አዩ። ይህ ከሙያው አደጋዎች አንዱ ነው። ጃንሆይ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የተኙት ሰዎች ስም ግን ከግቢው አልወጣም፤ ይህን ጣሊያን ብቻውን አላደረገውም። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። ሮም፣ ቀይ መስቀሉ የጦር መሣሪያ መሸሸጊያ ነው አለች። ሚዛናዊ ዘጋቢ ምን ያደርጋል? በአንዱ ሳህን ቁስለኛውን፣ በሌላው መግለጫውን ያኖራል፤ ሁለቱ እኩል ይቆማሉ። መግለጫው ከብዶ አይደለም፤ ሰው ቀሎ ነው።

ወደ ዋናው ትምህርት ልግባ፤ ስለ «አሉ»። በተከዜ ሸለቆ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። ቴሌግራሙ በአማርኛ ቢላክ ኖሮ «ቆዳቸው የተቃጠለ ወታደሮች አሉ» ይል ነበር። ቁስሉን ያጠበች እናት ይህን ስትሰማ መኖራቸውን ትሰማለች። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው አዘጋጅ ደግሞ «ማን ናቸው እንዲህ ያሉት?» ይላል። ቃሏ አንዲት ናት፤ ለተቃጠለው ምስክር፣ ላላየው ወሬ። አንተ ሁልጊዜ የአዘጋጁን ፍቺ ያዝ። ቅኔ የሚቆጥር ሰው ያኔ ዴስኩ አጠገብ ቢኖር እንዲህ ባለ፦

አብራሪው ከሰማይ ጋዙን በሰው ጣለ፤
አዘጋጁም ቀንቶ ጋዙን ካምዱ ጣለ።

ሰነፍ ተማሪም ነበር። የታይምሱ ጆርጅ ስቲር አዲስ አበባ ሲያዝ ጣሊያኖች አባረሩት። አልተማረም፤ በዓመቱ ስፔን ሄዶ በቦምብ የጋየችውን ጌርኒካን እንዳያት ጻፈ። እሱን አትምሰል። ይልቅ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ የነበሩትን የጣሊያን ጋዜጠኞች ምሰል፤ ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሊናገሩ ሲነሱ በፉጨት ተቀበሏቸው። ፖሊስ አስወጣቸው እንጂ፣ ፉጨት እኮ ማስተባበያ የማይወጣበት ዘገባ ነው።

ትዕግሥትንም ከኢንድሮ ሞንታኔሊ ተማር። በዚያ ጦርነት በፈቃዱ የዘመተ መኮንን፣ በኋላም የጣሊያን ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሆነ። እዚያው ነበርኩ፣ ጋዝ አልነበረም እያለ ታሪክ ጸሐፊውን አንጄሎ ዴል ቦካን ለብዙ ዓመት ተከራከረ። በ1988 ዓ.ም. የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። የዘገየው 60 ዓመት ብቻ ነው፤ ዴስኩ ማጣራት ይወዳል።

ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ደንግጠህ እንዳትቀር። ይህ የ1928 ወሬ ነው። እንዲያ ያሉ ዘጋቢዎች ዛሬ የሉም አሉ።