ተጠቃሚን የማራቅ ጥበብ

አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ኩባንያን ሲቀላቀል «የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለውን ሐረግ በሥራ መጠሪያው ውስጥ አስገብቶ፣ ሰው አንድን ዕቃ ሲያየው፣ ሲሞክረውና ሲቸገርበት የሚገጥመውን ሁሉ የሚያጠና ሙያ ስም እንዲያገኝ አደረገ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚሠሩ ብዙ የድረ ገጽ ስቱዲዮዎች ግን ሙያውን ኖርማን ካሰበው በላይ አርቀውታል፤ ሥራን ሁሉ የሚያበላሸውን አንድ እንከን፣ ማለትም ተጠቃሚውን ራሱን፣ ከሥራው አስወጥተዋልና።

የዚህ ጥበብ ፍሬ በደንብ የሚታየው ከስቱዲዮው ርቆ በሚኖር ሰው ላይ በመሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም በጎጃም መንገድ ተመራጭ የጥናት መስክ ይሆናሉ። የሱሉልታ ወተት አቅራቢም ሆነ የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኛ ድረ ገጽ የሚከፍተው በእጅ ስልኩ፣ ያውም ቆጥቦ በገዛው የዳታ ጥቅል ነው። ስቱዲዮው ሥራውን በሰፊ ስክሪንና በቢሮ ዋይፋይ እያየ ስለሚያደንቅ፣ ገጹን «ስላይደር» በሚባሉ ተራ በተራ በሚፈራረቁ ግዙፍ ፎቶዎች ያስጀምረዋል፤ ስለዚህም ጥቅሉ ያለቀበት ተጠቃሚ የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ባያገኝም እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ ፈረንጆችን ፈገግታ አይቶ ይመለሳል፤ ይህም ቀላል ትርፍ አይደለም።

ጽናት ኖሮት ቅጹ ጋ የደረሰውን ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ቅጹ ከውጭ ከተገዛ ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የገጽ አብነት፣ የተቀዳ በመሆኑ፣ በአባትና በአያት ስም የሚጠራውን ሰው የቤተሰብ ስም ይጠይቀዋል፤ ፖስታ ቤት ለቤት በማይታደልበት ሰፈር የፖስታ መለያ ኮድን በቀይ ኮከብ ምልክት ግዴታ ያደርጋል፤ የቀን መምረጫው ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ በጳጉሜን የተወለደ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። በ«9:00» ቀጠሮ የተያዘለትም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት መስሎት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጥፋቱም የራሱ ይሆናል።

ቋንቋን በተመለከተ መርሁ አጭር ነው፤ ገጹ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። አማርኛ የሚጻፍበት የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ቢገባም፣ በሦስቱ ከተሞች የሥራ ቋንቋ የሆነው አፋን ኦሮሞም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለፊደል ሰበብ ባይመችም፣ ለሁለቱም ቋንቋዎች የተዘጋጁት አዝራሮች ሲነኩ «በቅርቡ ይጠብቁ» ይላሉ። ተስፋ መስጠትም አገልግሎት ነው።

የጥበቡ ድፍረት ጎልቶ የሚታየው በሰበታ ነው። ከአገሪቱ አንጋፋ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አንዱ የሆነው መርሐ ዕውራን የሚገኘው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ ማየት የተሳነው ሰው ድረ ገጽን የሚከታተለው ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይር ፕሮግራም ነው፤ ፎቶው መግለጫ ካልተጻፈለት ፕሮግራሙ ብዙ ጊዜ የፋይሉን ስም ከማነብነብ አያልፍም። ስቱዲዮው መግለጫውን አይጽፍም፤ ይሁን እንጂ በአድልዎ ሊወቀስ አይገባም፤ ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ በመደበኛ ጽሑፍና በዳራው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንጽጽር እንዲኖር ሲጠይቅ፣ እርሱ ፈዛዛ ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ አስፍሮ ዓይናማውም እንዳያነብ በማድረግ እኩልነትን አስፍኗል።

የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ መመልከት አብዛኛውን ችግር ለማወቅ እንደሚበቃ ጽፎ ነበር። ስቱዲዮው ቁጥሩን ወደ አንድ ዝቅ አድርጎታል፤ እሱም ገጹን በፕሮጀክተር ተመልክቶ ዓርማው ተለቅ እንዲል ካዘዘ በኋላ የርክክብ ሰነዱን የሚፈርመው የደንበኛው መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው። ውሉ የመጨረሻውን ክፍያ ያሰረው በፊርማው እንጂ በተገልጋዩ ጉዳይ መፈጸም ስላልሆነ፣ ከዚህ በላይ መፈተን በእርግጥም ብክነት ነው።

ተገልጋዩ ግን ታክሲ ተሳፍሮ፣ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ገጹ በአንድ መስመር ሊነግረው ይችል የነበረውን ነገር ጠይቆ ይመለሳል። ስለዚህ ወደፊት በሚፈረሙ ውሎች ላይ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚደረገው የደርሶ መልስ ጉዞ ሒሳብ በተጠቃሚው እንደሚሸፈን የሚገልጽ አንቀጽ ቢጨመር ተገቢ ነው፤ የገጹን ቀሪ ዋጋ እስከ ዛሬ ሲከፍል የኖረ ወገን፣ የቤተሰብ ስም ባይኖረውም፣ በውሉ ላይ መጠቀስ ይገባዋል።