«ሦስት ጓደኛ ታግ ያድርጉ»፦ ስለ ነፃ ጫማ የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

በአዲስ አበባ የንግድ ሕይወት ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሥር ከሰደዱትና ተገቢው ምሁራዊ ትኩረት ካልተቸራቸው ልማዶች አንዱ «ጊቭአዌይ» ነው። ሥርዓቱ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። አንድ ጫማ ቤት (በርገር ቤት፣ ሽቶ ቤት ወይም የውበት ሳሎን ቢሆንም ሥርዓቱ አይለወጥም) የአንድ ጥንድ ጫማ ፎቶ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ይለጥፋል። ከሥሩ ጫማውን በነፃ ለመውሰድ የሚፈለጉት ግዴታዎች ይከተላሉ፦ ገጹን ላይክ፣ ልጥፉን ሼር፣ ሦስት ጓደኛ ታግ፣ ቻናሉን ጆይን፣ በመጨረሻም ኮሜንት ላይ የጫማ ቁጥር። ይህ የመጨረሻው ግዴታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «40» ብሎ የጻፈ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጫማውን በሐሳቡ ተጫምቶታል። ዕጣው ለሌላ ሲወጣ የሚያዝነው እንደተሸነፈ ሰው ሳይሆን፣ መስጊድ በር ላይ ጫማው እንደጠፋበት ሰው ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ከሳሎን ሶፋ ሳይነሱ ሲሆን፣ የናሙናውን መጠን የወሰነው የስታቲስቲክስ ቀመር ሳይሆን የአጥኚው የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። ፓኬጁ ሲያልቅ መረጃ የማሰባሰቡ ምዕራፍ በይፋ ተዘግቷል። ቪዲዮ የሚበዛበት ክፍል በሌሊት ፓኬጅ ስለተሠራ፣ ስለ ዕጣ አወጣጥ የቀረበው ትንታኔ እንቅልፍ እንቅልፍ ቢል አንባቢ ይታገሥ።

በቅድሚያ የዝምድናውን ሥርዓት መረዳት ያሻል። ጫማ ቤቱ ተከታዮቹን «ደንበኛ» አይላቸውም፤ «ቤተሰብ» ነው የሚላቸው። «ሰላም ውድ ቤተሰቦቻችን፣ 10 ሺህ ስለሞላን እንኳን ደስ አለን!» ወደዚህ ቤተሰብ ለመግባት መወለድም መጋባትም አያስፈልግም፤ በአውራ ጣት አንዴ መንካት ይበቃል። ቤተሰቡ ለቅሶ አይደራረስም፣ ክርስትናም አይጠራራም። የሚሰበሰበው ዕጣ በሚወጣበት ምሽት ብቻ ነው፤ በዚያ ምሽት ግን ርስት ሲካፈል እንደተጣላ ዘር ማንዘር ይሰዳደባል። ቤተሰብ መሆኑ የሚረጋገጠውም ያኔ ነው።

ልማዱ የመጣው ከየት ነው? ከሁሉም በፊት ዕቁብ ይጠቀሳል። በዕቁብ ሁሉም ይከፍላል፣ ለሁሉም ይደርሰዋል፤ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ ይውሰድ የሚለውን ብቻ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣለትም ብሩን ሳይቀበል ዋስ ይጠራል። ጊቭአዌይ ከዚህ ሁሉ የወረሰው ዋሱን ብቻ ሲሆን፣ እሱንም አሻሽሎታል። ዕቁብ ዋስ የሚጠይቀው ገንዘብ የሚወስደውን ሰው ነው። ጊቭአዌይ ማንም ምንም ሳይወስድ ሁሉንም ሰው ሦስት ሦስት ዋስ ያስጠራል።

ቀጥሎ ሎተሪ አለ። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሕዝባችን የዕጣ ቀን እየቆጠረ መኖርን ለምዷል። ከዚያም የቆርኪ ዘመን መጣ። የለስላሳና የቢራ ፋብሪካዎች ቆርኪ ሥር ሽልማት ደብቀው፣ ሰው ሁሉ ከመጠጣቱ በፊት ቆርኪ ገልብጦ የሚያነብበት፣ ልጆች ከየግሮሰሪው ደጃፍ ቆርኪ የሚለቅሙበት ጊዜ ነበር። ያኔ ግን ቆርኪውን ለማየት ጠርሙሱን መግዛት ግድ ነበር። ጊቭአዌይ ያስመዘገበው ትልቁ ሳይንሳዊ እመርታ እዚህ ላይ ነው፤ ግዢን ከሂደቱ ጨርሶ አስወግዶታል።

የሕጉንም ጉዳይ በጥቂቱ እንይ። ፌስቡክ ገጾች በልጥፋቸው ላይ በቀጥታ ሽልማት እንዲያዘጋጁ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ላይክና ኮሜንት መጠየቅ ይቻላል፤ «በግል ገጽህ ሼር አድርግ» ወይም «ጓደኞችህን ታግ አድርግ» የሚል የመሳተፊያ ግዴታ ግን በደንቡ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ደግሞ ኩባንያው ላይክ፣ ሼር፣ ታግና ኮሜንት የሚለምኑ ልጥፎችን ለጥቂት ሰው ብቻ እንዲታዩ ወደ ታች እንደሚያወርድ አስታወቀ። የእኛ ጫማ ቤት ልጥፍ ይህን ዝርዝር አንድም ሳያጓድል ያሟላል። ደንቡን አንብቦ የማያውቅ ሰው የተከለከለውን ሁሉ ይህን ያህል በትክክል መምታቱ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። በመሆኑም ልጥፉ ለጥቂቶች ብቻ ይታያል፤ ባለቤቱ ይህን ሲያይ ሽልማቱን ወደ ሁለት ጥንድ ያሳድጋል። በአገር ቤት በኩል፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በዕጣ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ከአንድ ጥንድ ጫማ 15 በመቶው ማሰሪያውን ብቻ ይሁን ወይስ ተረከዙንም ይጨምር፣ በገጾቹ ላይ ሲብራራ አልታየም።

አሁን ወደ ጥናቱ ዋና ማዕድን እንግባ፤ ኮሜንቱ ነው። «ዘንድሮ የኔ ነው»፣ «38 እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «41 ለአባቴ»፣ «የሚደርሰው ለራሳችሁ ሰው ነው፤ ለማንኛውም 42»። ከዚህ ወንዝ መካከል አንድ ብቸኛ ሰው ቆሟል። ማንንም ታግ አላደረገም፤ ላይክም አላደረገም። የጻፈው አንዲት ቃል ናት፦ «ዋጋ?»

ይህን ሰው ቀስ ብለን እናጥናው። ጫማውን በገዛ ገንዘቡ ለመግዛት ፍላጎት ያሳየ ብቸኛ ፍጡር እሱ ነው። ፎቶ የተነሣው፣ ዲዛይን የተሠራው፣ በዶላር ቡስት የተደረገው እሱን ፍለጋ ነበር። ተገኘ። መልስም ተሰጠው፦ «በውስጥ መስመር»። ሰውየው በትሕትና ወደ ውስጥ መስመር ይገባል። እዚያም የሚቀበለው ማሽኑ ራሱ የሚልከው ሰላምታ ነው፦ «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ በቅርቡ እናገኝዎታለን።» በቅርቡ አያገኙትም፤ ስልኩን የያዘችው ልጅ ማን ሦስት ታግ አደረገ፣ ማን ሁለት አድርጎ አጭበረበረ እያለች እያጣራች ናት። ሰውየው ከጥቂት ቀን በኋላ ያንኑ ጫማ ሰፈሩ ካለ ሱቅ፣ ፌስቡክ ከሌለው ነጋዴ ላይ ተከራክሮ ይገዛል።

ዋጋው ስለምን እንደሚደበቅ የተለያዩ መላምቶች አሉ። አንዳንዱ አጎራባቹ ሱቅ አይቶ 50 ብር እንዳይቀንስበት ነው ይላል። ሌላው ጉዳዩን ከገቢዎች ጋር ያያይዘዋል። ለዚህ አጥኚ ሚዛን የደፋው ግን ሦስተኛው ነው፦ ብር ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ፣ ባለሱቁ ራሱ ዋጋውን የሚያውቀው አስመጪው ስልክ ካነሣለት በኋላ ነው። «በውስጥ መስመር» ማለት እንግዲህ «እኔም እየጠየቅሁ ነው» ማለት ይሆናል።

ማስታወቂያው የሚጓዝበት አቅጣጫም አስገራሚ ነው። ሦስት ጓደኛ ጥራ የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ ቀድመው የሚመጡለት ሪያድ ያለች እህቱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አብሮ አደጉና ዱባይ ያለች የአክስቱ ልጅ ናቸው፤ ኢንተርኔታቸው አይቆራረጥም፣ ለጠራቸውም ልብ ይልካሉ። በዚህ ምክንያት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለ በርገር ቤት በሦስት አኅጉር ይታወቃል። ከበላዩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ግን የሚያውቁት የዘይቱን ሽታ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው ሕዝቡ በቪፒኤን ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ረቀቀ፤ ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከኔዘርላንድስ የገባ ሆኖ ይታይ ስለነበር፣ «አዲስ አበባ ላሉ ብቻ ይታይ» ተብሎ የተከፈለበት ማስታወቂያ አጠገቡ ያለውን ደንበኛ ይዘለው ነበር።

የሪያዷ እህት ብታሸንፍስ? ታሸንፋለች። «ለእናቴ ይሰጥልኝ» ብላ ትጽፋለች። በርገሩ በ7 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ ይሰረዛል፤ ዕጣው የወጣው ሁዳዴ በገባ በማግስቱ ነው፤ ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እናት በርገር ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ሽሮ ይቀየርልኝ ብለው፣ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ተብለው ይመለሳሉ።

የዕጣው አወጣጥ ብዙ ዶሴ የሚወጣው ነበር፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ስሞች በስልክ መንኮራኩር ላይ ይገባሉ፣ መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፣ ኔትወርክ ይቆማል። ኔትወርክ ሲመለስ መንኮራኩሩ ቆሟል፤ አሸናፊው «ጌታ ያውቃል» የተባለ ፎቶ የሌለው አካውንት ነው። በሐምሌ 2014 የከተማው አስተዳደር የ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ዕጣ በኮምፒውተር አውጥቶ፣ ሥርዓቱ ተነካክቷል ተብሎ ከቀናት በኋላ መሰረዙና ኋላ እንደ አዲስ መውጣቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ስለ ሶፍትዌር ያለው ንቃት ላቅ ብሏል። ለአንድ ጥንድ ጫማ ዕጣ «ኦዲት ይደረግልን» የሚል ኮሜንት መታየቱ የዚህ ፍሬ ነው።

ዕጣ ብቻውን አልበቃ ሲል ኤቨንት ይመጣል። ቅጹ የታወቀ ነው፦ የፊኛ ቅስት፣ ቀይ ሪባን፣ ፈንዲሻ፣ ከሱቁ የሚገዝፍ ሞንታርቦ፣ የክብር እንግዳ የሆነ ቲክቶከር። ቲክቶከሩ ከተቀጠረበት ሰዓት ሁለት ሰዓት አርፍዶ ይመጣል፤ በራሱ ስልክ ራሱን እየቀረጸ ይገባል፣ እየቀረጸ ይወጣል። ሞንታርቦው «የመጀመሪያዎቹ 100 ሰዎች በነፃ!» ሲል ሰልፍ ይሠራል። እዚህ ላይ የከተማችን ልዩ ባሕርይ ይገለጣል። ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ስኳርና ዘይት ተሰልፎ ያደገ ሰው ሰልፍ ሲያይ መጀመሪያ ይሰለፋል፣ ቀጥሎ «ምን መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ የሽቶ ቤት ምረቃ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ እናት ታይተዋል። ተራቸው ሲደርስ አንገታቸው ላይ ሽቶ ተነፋላቸው፤ ጀሪካኑን ግን የሚሞላላቸው አልተገኘም። ፎቷቸው በገጹ ላይ «ደስተኛ ደንበኞቻችን» በሚል ርዕስ ወጥቷል።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ አጥኚው ከሞንታርቦው ማዶ ጉሊት ላይ የተቀመጡትን የቲማቲም ሻጭ ተመልክቷል። አሠራራቸው ኋላ ቀር ነው። ሰው መጥቶ አንድ ኪሎ ይገዛል፣ ይከፍላል፣ «መርቂልኝ እንጂ» ይላል። እሳቸውም ተቆጥተው ሁለት ቲማቲም ይጨምሩለታል። ስጦታው ለገዛ ሰው ብቻ ነው፤ ዕጣ የለውም፣ ታግ የለውም፣ ኮንዶሚኒየሙን በሙሉ በስም ያውቁታል፣ ዋጋ ሲጠየቁም ጮክ ብለው ይናገራሉ። ስለ ብራንዳቸው ዕድገት ለቀረበላቸው ጥያቄ የሰጡት መልስ «ትገዛለህ ወይስ ጥላ ሆነህብኝ ትቆማለህ?» የሚል ስለነበር ቃለ መጠይቁ ተቋርጧል።

የጫማ ቤቱ ፍጻሜ ግን አሳዛኝ አይደለም። ከብዙ ዕጣ በኋላ ሱቁ ተዘጋ፤ ሆኖም ገጹ ብዙ ቤተሰብ አፍርቶ ስለነበር ከሱቁ የተሻለ ዋጋ አወጣ። የእነዚህ ገጾች ገበያ የደራ ነው፤ «ብዙ ላይክ ያለው ገጽ የሚሸጥ፣ ዋጋ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ሞልቷል። ገጹን የገዛው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ሲሆን፣ ስሙን በአንድ ሌሊት ለውጦት አደረ። 38፣ 40፣ 41 ብሎ የተመዘገበው ሕዝብ ዛሬ በየማለዳው የሲሚንቶና የአርማታ ብረት መረጃ ይደርሰዋል። ጥናቱ እስከተጠናቀቀበት ቀን ድረስ በዚህ ቅር ተሰኝቶ ከቤተሰቡ የወጣ ሰው አልታየም። ጥቂቶች ሦስት ሦስት ጓደኛ ታግ አድርገው፣ የሲሚንቶው ዕጣ መቼ እንደሚወጣ እየጠየቁ ነው።