ጤፍ ሸሽቶ ጤፍ ገዢ

ልጄ ዲቪ ሲደርሰው «የቢቸና ጭቃ በቃኝ፣ ከእንግዲህ ጤፍ አላርምም» ብሎኝ ሄደ። እሰየው፣ ተገላገለ። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ያንኑ ጤፍ በዶላር ገዝቶ ተሸክሞ ይወጣል። «የአዳ ነው የጎጃም?» ብዬ ባለሱቁን ብጠይቀው «የአይዳሆ ነው፣ አባባ» አለኝ፤ ፈገግ እንኳ አላለም።

ለካ ዌይን ካርልሰን የሚባል ፈረንጅ በእነሱ አቆጣጠር በ1970ዎቹ እኛ አገር ሠርቶ ሲመለስ ጤፋችን በሆዱ ቀርቶ፣ አይዳሆ ላይ ይዘራው ጀመር። የእኛ መንግሥት ደግሞ በእነሱው አቆጣጠር በ2006 ጤፍ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። ጤፉን ከለከለ፤ ጤፍ አራሹን ልጄን ግን ማንም «ወዴት ነህ?» አላለው። እኔም እርሻውን ለእኩል አራሽ ትቼ ተከትዬው መጣሁ። እኩል አራሹ በደወልሁ ቁጥር «ዘንድሮ አረሙ በዛ» ይለኛል። አረም የሚበዛው እኔ ድርሻዬን ስጠይቅ ነው።

ልጄ ኡበር ይነዳል። በሬዎቼ እሑድን ያርፉ ነበር፣ ሚካኤልን ያርፉ ነበር፤ እሱ የጥምቀት ዕለት ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ይጠብቃል። ማረስ ወገቤን ገደለኝ ያለው ልጅ አሁን መቀመጥ ወገቤን ገደለኝ ይላል። እህቱ አሌክሳንድሪያ፣ ሴሚናሪ ሮድ ነው የምትኖረው፤ ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው። የሰው ሽማግሌ አጥባ አጉርሳ ትውላለች፤ የራሷን ሽማግሌ የሚመግበው ማይክሮዌቭ ነው።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልሁት ሣሩን ነው። ልጄ ቅዳሜ ከደጁ ያለውን ለምለም ሣር በሚያጓራ ማጨጃ ይከረክምና፣ በወረቀት ከረጢት ጠቅጥቆ መንገድ ዳር ያሰልፈዋል። መኪና መጥቶ ይጭነዋል። ለከብት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ እንደ ጥራጊ ነው! ሁለት በሬ በጋውን የሚያሻግር ሣር!

«ታዲያ ለማን ታጭዳለህ?»

«አባዬ፣ ካላጨድሁት እኮ ካውንቲው ይቀጣኛል።»

በአገሬ የሚቀጣው የሰው ሣር ያጨደ ነው። የራሱን ባለማጨዱ የሚቀጣ ሰው ያየሁት እዚህ ነው።

እልህ ያዘኝና ከጓሮው ሣር ፈንቅዬ ጎመን ተከልሁ። በሁለተኛው ሳምንት አጋዘን ገባበት። ቀንድ የሌላት፣ ደልደል ያለች እንስት ናት፤ አጥሩን ዘላ ገብታ እንደ ባለርስት እየመረጠች ትበላለች። ወንጭፍ ልገምድ ብል ልጄ ክው አለ፦ «አባዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ! ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል።» እንግዲያው ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ሆኜ ዝንጀሮ እንዳባረርሁት በጩኸት ላባራት ብዬ፣ ወጥቼ ባለ በሌለ ድምፄ ጮህሁባት። ቀና ብላ አየችኝና ማኘኳን ቀጠለች። ምን ታድርግ፣ አማርኛ አትሰማ! የልጅ ልጆቼስ መች ሰሙ።