አይጦቹ ሞቃቸው

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ደብረ ብርሃን መነኻሪያ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው ሰላምታ መስጠት አይደለም፤ እጁን ብብቱ ውስጥ መክተት ነው። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከፍታችን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትርን ያልፋል፤ ጃኬቱን ቤት ጥሎ የመጣው ይህችን ሳያሰላ ነው። እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ ክፉ ልማድ አለብን። «ዛሬማ ሞቅ ብሏል፤ ትናንት ነበር መምጣት!» እንለዋለን። ትናንትም ያው ነበር።

ብርድ የክረምት ነው የሚል ሰው የእኛን ታኅሣሥ አያውቅም። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ይደረብልናል። ከጥቅምት ወዲያ ግን ሰማዩ ይገለጣል፤ መሬቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ሲመልስ ያድርና ንጋት ላይ ውርጩ ሣሩ ላይ ዱቄት የተነፋበት ያስመስለዋል። ደጅ በሳፋ ያደረ ውሃ ስስ መስተዋት የሚያወጣበት ቀን አለ። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ነገር አይደለም። እኔና ባለቤቴ ከሥር የፋብሪካውን ብርድ ልብስ፣ ከላይ ከአባቴ የወረስኩትን የመንዝ ባና ደርበን ነው የምንተኛው። ባና ይሞቃል፤ ክብደቱ ግን የበግ መንጋ ደረት ላይ ያደረ ያህል ነው። መገላበጥ ያማረው ሰው ሌላውን ቀስቅሶ፣ ተመካክሮ፣ በአንድ ቁጥር ነው የሚዞረው።

ማሞቂያ የማስገባት ነገር የመጣው በከሰል ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ማንደጃውን ሳሎን አስገብተን፣ በር ዘግተን፣ እዚያው ፍራሽ ዘርግተን ተኛን። ሌሊት ስነቃ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፤ ባለቤቴ ታቃስታለች። እየተንገዳገድን በሩን ከፍተን ውርጩ ላይ ቆምን። ከሰል የሚናቀው ጭሱ ስለማይታይ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሽታም መልክም የለውም፤ ደም ውስጥ ይገባና የኦክስጅንን ወንበር ቀምቶ ይቀመጣል። ሲነጋ ባለቤቴ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ማንደጃ ከዚህ ቤት አያድርም።» እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ከተናገረች ሁለተኛ አያስፈልግም።

ማሞቂያውን ወንድሟ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ላከው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 2,000 ዋት፣ ከነሪሞቱ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ስስ ሸሚዝ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ሶፋ ላይ ተጋድማ ትስቃለች። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት እማማ ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «ይቺ ልጅ ካልሲ የሚገዛላት ሰው አጣች?» አሉ።

ኤሌክትሪሻኑ ፒንሳና ካቻቢቴውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ በማግስቱ መጣ። የሠፈራችን ልጅ ነው። ኤሌክትሪሻን ሁሉ ሥራ የሚጀምረው ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው በማማት ነው፤ እሱም ሶኬቱን ፈቶ ሽቦውን እንዳየ ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሼ፣ ይሄንን መስመር ማነው የዘረጋው?»

«የድሮ ሰው ነው» አልኩት። የድሮው ሰው እኔ ነበርኩ።

«ይሄ እኮ ባለ 1.5 ሽቦ ነው፤ የአምፖል ነው። በዚህ ላይ ማሞቂያ ቢሰካ ግድግዳው ውስጥ ሊግል ይችላል። ናስትሮው ራሱ ቀልጧል፣ ይኸው።»

ከዚያ ስሌት ውስጥ ገባን። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስሌት ሲመጣ እንደ ተማሪዎቼ በመስኮት ማየት ይቃጣኛል። ይህ ግን ቀላል ነበር። 2,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ማሞቂያው ባለ 2.5 ሽቦ፣ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመርና ባለ 16 ብሬከር ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርን።

«ምጣዱስ ስንት ነው?» አለ።

ምጣዳችን 3,500 ዋት ነው፤ 16 አምፔር። ሲደመር 25። ዋናው ብሬከራችን 20 ነው። ልጁ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰና እንደ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አብረው አይኖሩም» አለኝ። ከማዕድ ቤት የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦

«ማንኛው ነው የሚወጣው ንገሩኝ!»

ማንም መልስ አልሰጠም። መልሱ ይታወቃል።

ቀጥሎ የግድግዳው ጉዳይ መጣ። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ልስኑ ሲሚንቶ ስለሆነ ከውጭ ብሎኬት ይመስላል፤ ሠላሳ ዓመት እንግዳ ስናታልልበት ኖረናል። ትራፓኑ ግን አልተታለለም። ቀዳዳው ተበሳ፣ ፊሸሩ ገባ፣ ብሎኑ ጠበቀ፤ ልጁ እጁን ሲያነሳ ፊሸሩ የሰሃን ያህል ልስን ይዞ ወረደ። ጭዱ ሁሉ ታየ። «ማገሩን ወይም ቋሚውን ማግኘት አለብን» አለና ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየለጠፈ ዞረ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንዲህ ነው። ቤቱን ሁሉ አዳርሶ ያልበሰበሰና ሸክም የሚችል አንድ ቋሚ ብቻ አገኘ፤ የሟቹ የባለቤቴ አባት ፎቶግራፍ የተሰቀለበትን።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሱ በቁሙ ብርድ ፈርቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ ለማሞቂያ ቦታ ይልቀቅ ልትሉኝ ነው?»

ድርድሩ የሁለት ስኒ ቡና ዕድሜ ፈጀ። በመጨረሻ ፎቶው ባለበት እንዲቆይ፣ ማሞቂያው ከእሱ አንድ ክንድ ተኩል ከፍ ብሎ እንዲሰቀል ተስማማን። ልጁ ከእንጨቱ እንዳይነካካ ከኋላው ቆርቆሮ አደረገበት፣ መጋረጃውን አርቆ ወደ ሌላው ጥግ ሰበሰበው፤ ደስ አለኝ፣ ሥራ የሚያውቅ ልጅ ነው። ከዚያ ጓሮ ወጥቶ የግራውንድ ብረት መሬት ውስጥ መቅበር ጀመረ። እማማ ተከትለውት ወጡ። «ምን ትተክላለህ ልጄ?» ሲሉት፣ ኤሌክትሪኩ ቢያፈተልክ ወደ መሬት እንዲወርድ መሆኑን አስረዳቸው፤ በበጋ አፈሩ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ውሃ ቢጠጣ ጥሩ እንደሆነም ጨመረ። ይህን ማለት አልነበረበትም። እማማ ብረቱን እስከ ዛሬ ከጎመኑ ጋር ያጠጡታል።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤተሰቡ ዜና የሚያይ መስሎ ግድግዳውን ፊት ለፊት ተደርድሮ ተቀመጠ። ሪሞቱን እኔ ነኝ የያዝኩት። ጲጵ አለ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ማራገቢያው መንፋት ጀመረ። አባባ ፎቶግራፋቸው ውስጥ እንደ ወትሮው ኮስተር ብለዋል። ትኩሱ አየር ፊታቸው ላይ ወረደ። ከቤተሰቡ መጀመሪያ የሞቃቸው እሳቸው ናቸው፤ ካረፉ 11 ዓመታቸው ነው።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ግንባሬ ሞቀኝ፤ እግሬ ግን አሁንም ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ብድግ ስል ጆሮዬ ድሬዳዋ ገባ፤ ስቀመጥ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ። ለካ ሙቅ አየር ቀላል ነው፤ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ላይ ደግሞ ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው። ጨርቁን አልፎ ቆርቆሮው ሥር ይከማቻል። እዚያ ማን እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ወዲያው የአይጦቹ ሩጫ ተጀመረ፤ በስንት ዓመት ጉርብትና ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሠርግ ያለባቸው ይመስላል። የወር ደመወዝ የሚያህል የወጣበት ማሞቂያ ለአይጥ ሆነ። ከእኛ መካከል ፊዚክስ የገባት ድመቷ ብቻ ነበረች፤ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ወጥታ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታለች።

ካርቶኑ ላይ «ለ20 ካሬ ይበቃል» ይላል። ሳሎናችን አምስት በአራት ነው፤ ልክ 20። ካርቶኑ የማያውቀው ኮርኒሳችንን ነው፤ በራችን ሥር ያለውን ክፍተትም አያውቅም። ድመቷ የምትገባው በዚያ ነው፤ ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ደግሞ ብርድን ቆሞ አይጠይቀውም። ልጁን ጠርቼ የተሻለ፣ ውድ ማሞቂያ ብገዛስ ብለው ሳቀ። «ጋሼ፣ ርካሹም ውዱም 2,000 ዋት ከሆነ የሚሰጡት ሙቀት ያው 2,000 ዋት ነው። ብሩን ለኮርኒሱ ያድርጉት።» እውነቱን ነው። ኮርኒሱን በችፕውድ አስለበጥን፤ የበሩን ሥር በጎማ፣ የመስኮቱን ዳር በጨርቅ ደፈንን። ያ ሥራ ከማሞቂያው በላይ አስወጣኝ፤ ዝርዝሩን ባለቤቴ ስለማታውቀው እዚህ አልጽፈውም።

ከዚህ በኋላ ቤቱ በእርግጥ ሞቀ። አሁን የሚቀዘቅዘው የእኔ ልብ ነው። ቆጣሪያችን የካርድ ነው፤ የቀረውን ቁጥር ያሳያል። ማሞቂያው ማታ አምስት ሰዓት ሲሠራ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በወር 300። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዷ የሚከፍለውም ይጨምራል። ቴሌቪዥን ማየት ትቼ ቆጣሪ ማየት ጀመርኩ። በየሩብ ሰዓቱ በባትሪ ደጅ እወጣና ቁጥሩን አንብቤ በብርድ ተንቀጥቅጬ እገባለሁ፤ ከዚያ መሞቅ አለብኝ።

የፈራነው ነገር የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ምጣዱን አሙቃ ሁለት እንጀራ አውጥታለች። ሦስተኛውን አዙራ አክንባሎውን ስትደፋ፣ እማማ ሳሎን ውስጥ ሪሞቱን ተጫኑ። ቀጭ! አለ ብሬከሩ። እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ድፍን ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ድፍኑን እንጀራ በሰፌድ ይዛ ሳሎን ገባችና ጠረጴዛው ላይ እንደ ማስረጃ አስቀመጠችው። ሪሞቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሷ ቀሚስ ኪስ ነው የሚኖረው። ማክሰኞና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ማሞቂያ የለም። ሕጉ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ድፍኑን እንጀራ ያየ ሰው ጽሑፍ አይፈልግም።

ወሬው ሠፈሩን አዳረሰ። አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ መጣ፤ በዓል ግን አልነበረም። አሥራ አራት ሰው ሳሎኑን ሞላው። ጫማ ወለቀ፣ ቡና ተፈላ፣ ሁሉም በተራ እጁን ወደ ማሞቂያው ዘረጋ። ልክ አቦሉ ሲቀዳ መብራት ሄደ።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ቦታ ላይ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ ታየ ብለው ነው ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፤ የከተማዋም ስም ከዚያ የመጣ ነው። ሠላሳ ዓመት ይህንን አስተምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ፣ «ከዚያ በኋላ መቼ መጣ?» የሚል ነበር።

ሻማ ተለኮሰ። ሰው ተነሥቶ ይሄዳል ስል ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ብርዱ ግን አልገባም። ኤሌክትሪሻኑ ጥግ ተቀምጦ ሰዉን በጣቱ ይቆጥራል። «ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰው ቁጭ ብሎ ወደ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል። አሥራ አራት እንግዳ 1,400 ዋት ነው። እናንተና እኔ ስንጨመር 1,800። ማሞቂያው አሁን ቢበራ ኖሮ መስኮት እንከፍት ነበር።»

እማማ ይህን ሰምተው ያዙት። አሁን ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ፣ «ስንት ዋት ነው የመጣው?» ይላሉ። የንስሐ አባታችን ሲመጡ፣ ካባቸውን ጨምረው፣ ለብቻቸው 150 ይሰጧቸዋል።

ልጁ ደግሞ መስመሩን አንዴ ልፈትሸው ብሎ በማግስቱ መጥቶ ነበር። በሳልስቱም መጣ። ትናንት ማታም መጣ፤ ቴስተሩን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ብሬከሩን ነካ ነካ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀና ጫማውን አውልቆ ማሞቂያው ፊት ለፊት ያለችውን ዱካ ያዘ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ገና ነው ጋሼ፤ ነገም ማየት አለብኝ» አለ፣ በረካውን ከባለቤቴ እጅ እየተቀበለ።