የአዲስ ጠመንጃ ማሟሻ

ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ጠመንጃ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ፣ ነገር ግን ባዶውን ቀለህ አውጥቶ መጣሉንና ቀጣዩን ጥይት ማጉረሱን ያለ ተኳሹ እጅ ራሱ የሚፈጽም መሣሪያ ሲሆን፣ በዚህ ላይ «የአልሞ ተኳሽ» የሚለው ማዕረግ ሲታከልበት አንድ ጣሪያ ሥር ተስማምተው ይኖራሉ ተብለው የማይጠበቁትን ጥድፊያንና ጥንቃቄን በአንድ ሰደፍ ላይ ያጋባል። ጋብቻው ሰላም የሌለው መሆኑን ለመመስከር የሚቀድማቸው የሌላቸው በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ የያዙት ነባር ተኳሾች ናቸው፤ እነዚህ ሰዎች ተኩስ ላይ የሚንቀሳቀስ ብረት በበዛ መጠን አረሩ ከታለመለት ይስታል ብለው ስለሚያምኑ፣ አዲሱን መሣሪያ ተሸክሞ ወደ ተኩስ ሜዳ ብቅ የሚለውን ባለቤት የሚያዩት በሞተር ብስክሌት ቅኔ ማኅሌት የገባ ሰው በሚታይበት ዓይን ነው።

ትዝብታቸው ጨርሶ መሠረት የሌለው አይደለም። አረሩ ገና አፈሙዙን ሳይለቅ፣ ከኋላው ከሚገፋው የባሩድ ጋዝ ጥቂቱ በጠመንጃው ቧንቧ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለስና መቀባበያውን ይገፋዋል፤ ስለዚህ ተኳሹ ትንፋሹን ይዞ እንደ ሐውልት በደረቀበት በዚያች ቅጽበት በጉንጩ ሥር ግማሽ ኪሎ የሚያህል ብረት ደርሶ መልስ ይጓዛል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለኤአር 10 ያወጣው ንድፍ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ቀጥታ ወደ መቀባበያው ተሸካሚ የሚልክ ሲሆን፣ ዛሬ በአሜሪካ ገበያ በዚህ ማዕረግ ከሚሸጡት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የዚያው ንድፍ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስቶነር ራሱ በስተርጅናው እጁን ያስገባበት ኤስአር 25 ስሙን ያገኘው የኤአር 10ን እና የኤአር 15ን ቁጥሮች በመደመር ነው፤ ይህም የጦር መሣሪያ ስም አወጣጥ ከአንደኛ ክፍል ሒሳብ ብዙ እንደማይርቅ ያሳያል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የተሻለ ለጋስነት ነበረው፤ የፈረንሳዩን «ግራ» ጠመንጃ «ውጅግራ»፣ የኦስትሪያውን ማንሊኸር «ምንሽር»፣ ከቤልጅግ የመጣውን ደግሞ «በልጅግ» ብሎ እንደ አበልጅ ካቀረባቸው በኋላ፣ ተራው የከፊል አውቶማቲኩ ሲደርስ ግን ደክሞት ይመስላል፣ የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የታጠቀውን የአሜሪካኖች ጠመንጃ በፋብሪካ ስሙ «ኤም ዋን» ብሎ ተወው። የጆን ጋራንድ ሥራ የሆነውና የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለው ይህ ጠመንጃ በአንድ ብረት ማቀፊያ የታሰሩ ስምንት ጥይቶችን አንዴ ይጎርስና፣ ስምንተኛው ሲተኮስ ማቀፊያውን «ቅጭል» አድርጎ ይተፋል። ጥይት ሲያጎርሰው አውራ ጣቱን ቶሎ ያልሰበሰበ ሰው ጣቱ በተመላሹ መቀባበያ ይነከስ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ባለቤት ስለ አዲስ ጠመንጃው ያደረበት የመጀመሪያ ስሜት ጥፍሩ ላይ በጥቁር ቀለም ተጽፎ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል።

የዛሬው አሜሪካዊ ባለቤት ስሜቱን የሚጽፈው በሌላ ቦታ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ቅጽ 4473 የሚባለውን ሰነድ ይሞላል፤ ነጋዴውም የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከኖቬምበር 1998 ጀምሮ በሚያካሂደው ፈጣን የማጣሪያ ሥርዓት አማካይነት የገዢውን የጀርባ ታሪክ ያስፈትሻል። ቅጹ ስለ ወንጀል፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለ ዜግነት አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ገዢው ኢላማ መምታት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለውም፤ ይህም ንግዱ እንዳይቆም ታስቦበት የተደረገ ይመስላል።

ሳጥኑ ሲከፈት የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ክብደቱ ደስ ሲል!» የሚል ነው። ጠመንጃው ብቻውን አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩ (ዋጋው ከጠመንጃው ዋጋ እንዳያንስ ነባሮቹ አጥብቀው የሚመክሩለት)፣ ባለሁለት እግሩ መደገፊያና ሃያ ጥይት የያዘው ካዝና ሲጨመሩበት ወደ ሰባት ኪሎ ይጠጋል፤ ስለ ክብደቱ የተሰጠው አስተያየትም ከመኪናው እስከ መተኮሻው ጠረጴዛ ባለው መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይሻሻላል። የሚያስገርመው፣ ሰባቱን ኪሎ ያለ ስሌት የተሸከመው ይኸው ሰው የአረሩን ክብደት ሲናገር በ«ግሬን» መናገሩ ነው። ግሬን ስሙን ከእህል ፍሬ የወሰደ፣ ከ65 ሚሊግራም ጥቂት የሚያንስ ጥንታዊ መለኪያ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ የሚወደደው ባለ 175 ግሬን አረር በግራም ሲሰላ 11 ከምናምን ይሆናል። ልኩ ሀበሻ እጅ ቢወድቅ ኖሮ በጤፍ መሰፈሩ ስለማይቀር፣ ቁጥሩን ለመጻፍ የጥይቱ ፓኮ ባልበቃ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥርዓት ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጋገርበት ሁሉ፣ አዲስ አፈሙዝም ሳይሟሽ አይተኮስበትም የሚሉ ሊቃውንት አሉና። ሥርዓቱ አንድ ጥይት ተኩሶ አፈሙዙን በዘንግና በጨርቅ መወልወል፣ ደግሞ አንድ ተኩሶ ደግሞ መወልወል፣ ይህንም ደጋግሞ ከፈጸሙ በኋላ በሦስት በሦስት ጥይት መካከል መወልወል ሲሆን፣ ዓላማው የፋብሪካው መሣሪያ በጥይት ማደሪያው ጫፍ ላይ የተወውን ጥቃቅን ሸካራነት ማለስለስ ነው ይባላል። ሌሎች ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል አፈሙዝ ሠርተው የሚያድሩ፣ ነገሩ ጥይት ማባከንና ጨርቅ ማቆሸሽ ብቻ ነው ይላሉ። አዲሱ ባለቤት በክርክሩ ውስጥ ያለው አቋም በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ወገን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ያሟሻል፤ ምጣዱ ቢሰበር «ሳይሟሽ ነው» እንዳይባል የምትፈራ ሙሽራ የምታደርገውም ይህንኑ ነውና። ስለሆነም በሁለት ጥይት መካከል አሥር ደቂቃ የሚያሳልፍ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ በተኩስ ሜዳው ላይ ይታያል፤ አጠገቡ ያለው በእጅ የሚያቀባብል ሽማግሌም በዚሁ ጊዜ ሃያ ተኩሶ ሻዩን ይጠጣል።

ማሟሻው አብቅቶ ጠመንጃው በተፈጥሮው ፍጥነት መሥራት ሲጀምር ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከማጉረሻው ቀኝ በኩል የሚወጣው ቀለህ ትኩስ ናስ ሲሆን፣ የመውደቂያው ስፍራ አስቀድሞ የተመደበለት ይመስል በቀኝ ያለው ጎረቤት የሸሚዝ ኮሌታ ነው። ጀርመን ሠራሹ ፒኤስጂ 1 ቀለሁን እስከ አሥር ሜትር ርቀት እንደሚወረውር ይነገርለታል፤ በዚህ ስሌት ከሄዱ ጉዳቱ የሚደርሰው በጎረቤት ላይ መሆኑ ቀርቶ በጎረቤት ጎረቤት ላይ ነው። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰረው የግፊት ማብረጃ ደግሞ ጋዙን ወደ ጎን እየበተነ ሰደፉ ትከሻን የሚገፋበትን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ባለቤቱ «እንዴት ያለ ለስላሳ ነው!» ሲል ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች ባርኔጣቸውን ከመሬት ያነሳሉ።

ይህ ሁሉ ግን የሚቻለው ለአንድ ቃል ሲባል ነው፤ ቃሉም «ደቂቃ» ነው። የዚህ ዓይነት ባለቤት ጠመንጃው «ከደቂቃ በታች ነው» ሲል የሰማ ሰው ጥድፊያውን ያወራ ሊመስለው ይችላል፤ ደቂቃው ግን የማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ በ60 ሲከፈል አንዱ ክፍል ደቂቃ ስለሚባል ሙሉው ክብ 21,600 ደቂቃ ይሆናል፤ በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ግድም ርቀት ላይ፣ ከእነዚህ አንዱ 2.66 ሳንቲሜትር ይሸፍናል፤ ከአሜሪካው የሩብ ዶላር ሳንቲም ጥቂት የሰፋ መሆኑ ነው። ጥይቶቹ በሙሉ በዚያ ውስጥ ካረፉ ባለቤቱ የከፈለው ገንዘብ ጸድቋል። ልኬቱ የሚወሰደው እጅግ ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች መሐል ለመሐል ስለሆነ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ የለካ ሰው የአንድ አረር ውፍረት፣ ማለትም ወደ 7.8 ሚሊሜትር፣ መቀነስ አለበት፤ ይህን መቀነስ የረሳ ባለቤት እስከ ዛሬ አልተሰማም።

ከዚህ የከበደው የጥይቶቹ ቁጥር ነው። ስርጭት የሚለካው በዳር ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በመሆኑ ጥይት በተጨመረ ቁጥር ይሰፋል እንጂ አይጠብም፤ ያው ጠመንጃ በዚያው እጅ በአሥር ጥይት የሚያሳየው ስርጭት በሦስት ጥይት ከሚያሳየው በአማካይ ከግማሽ በላይ የሰፋ መሆኑን የስታትስቲክስ ሕግ ያዝዛል። በሦስት ጥይት የተገኘ ጠባብ ስርጭት ስለ ጠመንጃው የሚናገረው ጥቂት ስለ ዕድል የሚናገረው ግን ብዙ ሲሆን፣ ባለቤቶች ሦስትን አጥብቀው የሚወዱበት ምክንያት ከሥላሴ ጋር የተያያዘ እንዳልሆነ በዚሁ ይታወቃል። አምስት የተኮሰ ሰው ደግሞ ከመንጋው ተለይተው የወጡትን ቀዳዳዎች እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተኳሾች እንደሚሉት «በራሪ» ብሎ ይሰይማቸዋል፤ ስም የወጣለት ጥይት ከቆጠራ ይወጣል። ለበራሪው መነሻ የሚሆነው ነፋስ፣ የመነጽሩ ማሰሪያ ብሎን፣ የጥይቱ ፓኮ ወይም የጎረቤቱ ግፊት ማብረጃ ነው፤ የባለቤቱ ጣት በዝርዝሩ ውስጥ ገብታ አታውቅም። የጎጃም ፎካሪ ግዳዩን በቃሉ ሲቆጥር አንዱን በሁለት ቢያደርገው ሰሚው ቦታው ድረስ ሄዶ አያጣራም፤ የአሜሪካው ባለቤት ግን ፉከራውን በወረቀት ላይ በስቶ ስለሚመጣ ሥራው በዚህ መጠን የከበደ ነው።

ወረቀቱም ቤት ደርሶ በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በልጆቹ የትምህርት ቤት ሥዕሎች መካከል፣ በክብር ይሰቀላል። ሦስቱ ቀዳዳዎች ተነካክተው እንደ ሦስት ቅጠል ማገጥ በመሐል ይታያሉ፤ ወረቀቱን የያዘው ማግኔት፣ ስፋቱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህለው፣ ከእነርሱ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ፣ አራተኛውና አምስተኛው ባረፉበት ቦታ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጧል።